ተማሪው ስልክ ላይ የሚያነበው ወዶ አይደለም

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጅማ፣ ግቢ አካባቢ ካሉት ኮፒ ቤቶች አንዱ ገብቼ ወረፋ ይዤ ነበር። ከፊቴ ያለችው ልጅ በፍላሽ ያመጣችው ሞጁል ከ200 ገጽ በላይ ነው። ዋጋ ጠየቀች፣ ትንሽ አሰበችና «በቃ ምዕራፍ ሦስትና አራትን ብቻ አውጣልኝ» አለችው። ሌላውን ከስልኳ ልታነበው ነው።

«የዘንድሮ ተማሪ ወረቀት አይወድም» ሲባል የማልስማማው ለዚህ ነው። ይወዳል። ቸግሮት ነው እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ በ21 አገሮች ከ10,000 በላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የጠየቀ ጥናት አለ፤ አብዛኞቹ ለትምህርት የሚያነቡትን በወረቀት እንደሚመርጡ ነው የመለሱት።

ምርጫው የልማድ ብቻ አይደለም። በዚያው ዓመት 54 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ሌላ ሥራ፣ በወረቀት ያነበበ ሰው የተሻለ እንደሚገባው አሳይቷል። ልብ ወለድ ሲሆን ልዩነት አልታየም፤ የትምህርት ጽሑፍ ሲሆን ግን ታየ፣ የንባቡ ጊዜ ሲገደብ ደግሞ ሰፋ። ጊዜ የሚያጥረን መቼ ነው? ፈተና ሲደርስ። ያኔ ደግሞ ኪስ ባዶ ነው።

ስፔስ (የግቢው ማንበቢያ ክፍል) ቁጭ ብለህ ፒዲኤፍ ስትከፍት ሁለት ገጽ ሳትሄድ ቴሌግራም ይጠራሃል፣ ስትመለስ የት እንደነበርክ ጠፍቶሃል። ሃንድአውት ላይ ግን ያሰመርክበት ቦታ፣ ከጎኑ የጻፍከው ነገር፣ «ከገጹ ታች ነበር» የምትለው ሁሉ ያስታውስሃል።

ስልክን አልጠላም። አንድ ቃል ለመፈለግ ይፈጥናል፣ ማታ መብራት ሲጠፋም የሚነበበው እሱ ላይ ነው።

«የመውጫ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒውተር ነው፣ ስለዚህ ስክሪኑን ይልመዱት» የሚሉ መምህራን አሉ። ይልመዱት፣ ግን ለዚያ ጥቂት የሙከራ ፈተና ይበቃል። የአራት ዓመት ትምህርት በአምስት ጣት በምትሸፈን ስክሪን ይጠና ማለት ሌላ ነገር ነው።

የምለው ከባድ አይደለም። መምህሩ ፋይሉን ቴሌግራም ላይ ሲለቅ፣ ዲፓርትመንቱ አሥር ኮፒ አሳትሞና ጠርዞ ላይብረሪ ያስቀምጥ፤ እዚያው ተነቦ እዚያው የሚመለስ። ያቺ ልጅ ምዕራፍ አምስትን ሄዳ ታነበዋለች።