የተቀጠፈ ቅጠልና የማሳ ቅጠል

ፔንሲልቫኒያ ስኖር በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስና በሮቦት ምርምር በኩል ያስደነቀኝ የማሽኖቹ ብልጠት አይደለም። ተመራማሪዎቹ ከቢሮ ወጥተው ችግሩ ያለበት ድረስ መሄዳቸው ነው።

ፒትስበርግ ያለው የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የሮቦቲክስ ተቋም የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። በዚያው ዓመት እዚሁ ስቴት ውስጥ ያለው የስሪ ማይል አይላንድ የኒውክሌር ጣቢያ አደጋ ደረሰበት። ምድር ቤቱ በጨረር ተበክሎ ሰው የማይገባበት ሆነ። የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ሮቨር የተባለች ባለ ጎማ ሮቦት ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1984 ወደዚያ አወረዷት። ካሜራዋ ውስጡን አሳየ።

ሌላው ምሳሌ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲው ፕላንትቪሌጅ የተባለ የሰብል በሽታ ፕሮጀክት ከ54 ሺህ በላይ የቅጠል ፎቶ ሰብስቦ በነፃ ለቀቀ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት በእነዚህ ፎቶዎች የሠለጠነ ሞዴል (ከምሳሌ እየተማረ የሚለይ የኮምፒውተር ፕሮግራም) የሰብል በሽታን 99.35 በመቶ በትክክል እንደለየ ጻፈ። ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው ይህን ቁጥር ነው። እዚያው ጽሑፍ ላይ ግን ሌላም ቁጥር አለ። ሞዴሉ በሌላ ሁኔታ በተነሱ ፎቶዎች ሲሞከር ወደ 31 በመቶ ገደማ ወረደ።

ፎቶዎቹን ያየ ሰው ምክንያቱ አይጠፋውም። አንድ ቅጠል ተቀጥፎ፣ ወጥ ቀለም ባለው ነገር ላይ ተዘርግቶ፣ ብቻውን ይታያል። ማሳ ላይ እንዲህ ያለ ቅጠል ከየት ይመጣል? ቅጠል በቅጠል ላይ ይደራረባል፣ ጥላ ያርፍበታል፣ ጭቃ ይረጨዋል፣ ግማሹን ተባይ በልቶታል። ንፋሱም ፎቶ እስኪነሳ አይጠብቅም።

ሰዎቹ በ99 በመቶው ረክተው አልተቀመጡም። ታንዛኒያ ካሳቫ ማሳ ድረስ ተሄዶ ቅጠሉ እንዳለ ፎቶ ተነሳ። ከዚህ ሥራ ኑሩ የተባለ መተግበሪያ ወጣ። ያለ ኢንተርኔት ስልክ ላይ ይሠራል፤ ስዋሂሊም ይናገራል።

አገር ቤት ስገባ ከማስተርስ ተማሪዎች ጋር ስለ ሥራቸው ማውራት እወዳለሁ። ጎበዞች ናቸው። መብራት እስኪመጣ ጠብቀው ሌሊቱን ሙሉ ሞዴል ሲያሠለጥኑ ያድራሉ። የአንዱን ልጅ የመመረቂያ ጽሑፍ ላፕቶፑ ላይ አብረን ስናገላብጥ 98 በመቶ የሚል ሠንጠረዥ ጋ ደረስን። «ፎቶዎቹን ከየት አመጣሃቸው?» አልኩት።

«ዳውንሎድ አድርጌ ነው ጋሼ» አለኝ። አማካሪውም ፈታኞቹም ይህን አልጠየቁትም።

የሚቆጨኝ እዚህ ላይ ነው። እንሰትን አልምቶ የሚበላው የእኛ ሕዝብ ብቻ ነው፤ 20 ሚሊዮን ገደማ ሰው ኑሮው በእሱ ላይ ነው። የሚያጠወልገውን በሽታ ፎቶ ማንም ባህር ማዶ ተቀምጦ አያዘጋጅልንም። ማሳ ወርደው የእንሰትና የቡና ቅጠል ፎቶ ያነሱ ተመራማሪዎች አሉን፤ ክብር ይገባቸዋል። ግን ጥቂት ናቸው።

ውጭ አገር ሁሉ ነገር ሙሉ ነው ማለቴ አይደለም። የፒትስበርጉ ምርምር ብዙ ገንዘብ የሚያገኘው ከመከላከያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ የታክሲ አገልግሎት ኩባንያው ኡበር 40 ያህል ሰዎችን በአንድ ጊዜ ከሮቦቲክስ ማዕከሉ ወስዷል።

እኛ ጋ ገንዘብ የለም ይባላል። የሮቦት ላብራቶሪ ውድ መሆኑ እውነት ነው። ለቅጠል የሚበቃው ስልክ ግን ተማሪው ኪስ ውስጥ አለ። ለምሳሌ ከአዳማ ተነስቶ አሰላ አጠገብ ያለው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅም። እዚያ ዋግ የተባለውን የስንዴ በሽታ አይተው የሚለዩ ባለሙያዎች አሉ። የጎደለው የትብብር ደብዳቤ የሚጽፍ የትምህርት ክፍልና ለሁለት ሳምንት የሚሆን አበል ነው። ደብዳቤው የዩኒቨርሲቲው ፋንታ ነው። አበሉን ግን ውጭ ያለን ሰዎች ተዋጥተን መሸፈን እንችላለን፤ ያገለገለ ላፕቶፕ ከመላክ ይህን እመርጣለሁ። ዋጉ ማሳ ላይ በደንብ የሚታየው መስከረም አካባቢ ስለሆነ መዋጮው ከክረምቱ በፊት መድረስ አለበት።