ኤዲተሩ ነው ጥፋተኛው?

ፈረንጅ አራዳ ካለ ቡና ቤት፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ላፕቶፕ ላይ ተፋጠዋል።

"ጋሼ፣ ይሄ ኤዲተር ንቆኛል" ይላል ታናሽየው። "የኮምፓይል ትእዛዙ የተጻፈበት ሜክፋይል ላይ፣ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ የሚያበራው ዳብሊው-ኤክስትራ አለ። ተርሚናል ላይ ኔጋቲቭ ሊሆን የሚችለውን ኢንት፣ ኔጋቲቭ ከማይሆነው የስትርሌን ውጤት ጋር ማወዳደሬን ኮምፓይለሩ ጂሲሲ ይነግረኛል፤ ኤዲተሩ ግን ጭጭ!"

"ሜክፋይልህን መቼ አየውና? ኤዲተሩ ውስጥ ስሕተቱን የሚፈልግልህ ክላንግዲ የሚባል ፕሮግራም ነው፤ እሱ ደግሞ የሚያየው የየፋይሉ ኮምፓይል ትእዛዝ የሚመዘገብበትን ኮምፓይል-ኮማንድስ ጄሰንን ነው። ካጣው በራሱ መነሻ ትእዛዝ ይቀጥላል።"

"ፋይሉማ አለ፤ ቤር በሚባለው መሣሪያ አውጥቼዋለሁ።"

"እስቲ ክፈተው።"

ባዶ ቅንፍ ብቻ።

"የቀድሞውን የኮምፓይል ውጤት የሚያጠፋውን ሜክ ክሊን ሳትል ነዋ! ቤር የሚመዘግበው ሲኮምፓይል ያየውን ነው። ሁሉም ቀድሞ ካለቀ ምኑን ይመዝግብ?"

ሜክ ክሊን ተባለ፣ ቀጥሎ ሜክ በቤር በኩል ሄደ። ማስጠንቀቂያው ብቅ አለ፤ ግን ያልተሠራበት ቫሪያብል የሚለውም ተከትሎት መጣ፣ ልጁ ሆን ብሎ ያጠፋው።

"ይኸው! ዳብሊው-ኖ-አንዩዝድ-ቫሪያብል ብያለሁ እኮ። ጂሲሲ ይታዘዘኛል።"

"ጂሲሲ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ የሚነካውን ፍላግ ብዙውን ባንዴ ከሚያበራው ጥቅል ያስበልጣል፣ ቅደም ተከተሉ ግድ የለውም። ክላንግዲ የሚሠራበት ኮምፓይለር፣ ክላንግ ግን በተጻፈበት ተራ ነው የሚሄደው። ክልከላውን አስቀድመህ ጥቅሉን ዳብሊው-ኦልን አስከተልክ፤ የኋለኛው የፊተኛውን ሻረው።"

ከጎን የተቀመጠ አንድ ሰው ጣልቃ ገባ፦ "ሜክፋይሉን ምን አስነካችሁ? ፕሮጀክቱ ሥር ነጥብ ክላንግዲ የሚል የክላንግዲ ማስተካከያ ፋይል ፍጠር፤ ኮምፓይል-ፍላግስ ሥር አድ ብለህ ዳብሊው-ኦልን እዚያ ጻፍ።"

"ባሰበት!" አሉ ታላቅየው። "አድ የሚጨምረው ትእዛዙ መጨረሻ ላይ ነው። ክልከላው ደግሞ ይሻራል።"

እኔ ከታላቅየው ጋር ነኝ። መስተካከል ያለበት ሜክፋይሉ ነው፦ መጀመሪያ ዳብሊው-ኦል፣ ቀጥሎ ዳብሊው-ኤክስትራ፣ ክልከላዎቹ ከኋላ። ይህ ተራ ለሁለቱም ኮምፓይለር ይሠራል። ካስተካከሉ በኋላ ግን ጄሰኑን እንደገና ማውጣት ነው፣ አለዚያ ክላንግዲ የድሮውን ተራ ይዞ ይቆያል። ነጥብ ክላንግዲ ከንቱ ነው አልልም፤ ጂሲሲ ብቻ የሚያውቃቸውን ፍላጎች በሪሙቭ ለማውጣት ይጠቅማል። እዚያ ውስጥ ዳብሊው-ኦል መድገም ግን ትርፉ ይኸው ጭቅጭቅ ነው። የሚጠራጠር ሰው ክላንግዲን ራሱን ተርሚናል ላይ በቼክ አማራጭ፣ ከሲ ፋይሉ ስም ጋር ያስነሳው። የተጠቀመበትን ትእዛዝ ሙሉውን ያትመዋል፤ "ጄኔሪክ ፎልባክ" የሚል ካዩበት፣ ጄሰኑን አላገኘውም።