ሰዓቱ ተቀይሮብኝ ነው

ይህችን ሰበብ የፈጠራትን ሰው እግዚአብሔር ዋጋውን ይክፈለው። ሰሞኑን፣ በዚህ በመጋቢት 1999፣ አሜሪካ በየዓመቱ እንደምታደርገው የማታ ብርሃን ላትርፍ ብላ ሰዓቷን እስከ መጸው ድረስ በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ከገፋች ወዲህ፣ ዋሽንግተንና አካባቢዋ ካለ ሐበሻ ጋር ቀጠሮ የያዘ ሁሉ ሳይሰማት አልቀረም። ትናንት በእድራችን ስብሰባ ላይ አንድ ወንድማችን ሰዓት ተኩል አርፍዶ ገባና ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ «ሰዓቱ ተቀይሮብኝ ነው» አለ። ቤቱ በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። ያረፈደ ይቀጣል የሚለውን አንቀጽ በየስብሰባው የሚያነቡልን ሰብሳቢያችን ሳይቀሩ «ምን ይደረግ፣ ሁላችንንም አስቸግሮናል» ብለው አዘኑለት። ልብ በሉ፤ ሰዓቱ የተቀየረው ትናንት ሳይሆን ባለፈው ሳምንት እሑድ ነው። ሰውየው ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ገብቶ ወጥቷል፤ እዚያ አንድም ቀን አላረፈደም፤ የሥራ ቦታው ሰዓት መቆጣጠሪያ «ምን ይደረግ» ብሎ አያዝንማ። ደግሞስ ይሁን፣ ተቀይሮበታል እንበል። የተወሰደበት አንድ ሰዓት ነው። ግማሿን ሰዓት ማን ወሰደበት?

እርግጥ ነው፣ የዘንድሮው ለውጥ እንደ ወትሮው አይደለም። እስከ አምና ድረስ ሰዓት ወደ ፊት የሚገፋው በኤፕሪል የመጀመሪያ እሑድ ነበር፤ ሰውም ለምዶታል። ዘንድሮ ግን በማርች ሁለተኛው እሑድ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2007፣ በእኛ መጋቢት 2 ቀን 1999 ሆነ። የሚመለሰውም እንደ ድሮው በኦክቶበር መጨረሻ ሳይሆን ኖቬምበር 4 ቀን ነው። ይህ ሁሉ ፕሬዚዳንት ቡሽ በኦገስት 2005 የፈረሙት የኢነርጂ ሕግ ውስጥ ተጽፎ ተቀምጦ ነበር። የማሳቹሴትሱ ኤድዋርድ ማርኪና የሚቺጋኑ ፍሬድ አፕተን የሚባሉ የምክር ቤት አባላት ያመጡት ሐሳብ ነው፤ አንዱ ዴሞክራት ሌላው ሪፐብሊካን። እነዚህ ሁለት ፓርቲዎች በጦርነት አይስማሙ፣ በግብር አይስማሙ፣ የእኔን እንቅልፍ በመቀነስ ላይ ግን በአንድ ልብ ተስማሙ። መጀመሪያ ሁለት ወር ሊያራዝሙት አስበው ነበር፤ አየር መንገዶች በረራችን ከሌላው ዓለም ሰዓት ጋር ይጋጭብናል ብለው ሲጮኹ ወደ አንድ ወር ገደማ ዝቅ አደረጉት። እኔም ጮኼ ነበር፤ ግን አውሮፕላን የለኝም።

ክፋቱ ደግሞ የጣሉበት ቀን። ዘንድሮ መጋቢት 2 የዋለው ደብረ ዘይት ነው፤ የዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ ዳግም ምጽአት የሚታሰብበት፣ ቀኒቱንና ሰዓቲቱን አታውቋትምና ነቅታችሁ ጠብቁ የሚለው ወንጌል የሚነበብበት እሑድ። በዚያች ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የአሜሪካ መንግሥት ሰዓቲቱን ወሰዳት። ጠዋት ካህኑ ስለ መንቃት ሲያስተምሩ ግማሹ ምእመን አልጋው ላይ ነበር። ነጠላውን እያጣፋ የመጣው ደግሞ ለ«እትዉ በሰላም» ደረሰ፤ በር ላይ ከሚወጣው ጋር ተጋጭቶ «አለቀ እንዴ?» ይላል። ሰባኪው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በዕድሜያቸው አያገኙም፤ አልተጠቀሙበትም እንጂ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። አያቴ የማትጠቅስበት ነገር አልነበረም፦ ጫማውን ሳያስር ለሮጠ ልጅ፣ ዘሯን ሳያጣራ ላገባ ጎረቤት፣ በአንድ ሌሊት አዋጅ ላወጣ መንግሥት (ይኸኛውን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ)። እኔ ግን ሁልጊዜ ለሴትዮዋ አዝንላታለሁ። ማፍሰሷን ሁሉም ይናገራል፤ ለምን እንደቸኮለች የጠየቀላት የለም። ምሳ ዘገየ ብሎ የጮኸባት ሰው ቢኖርስ? ለማንኛውም ተረቱ አሜሪካን ሳያይ አሜሪካን ገልጿታል። ይህ አገር በማርች አንዲት ሰዓት ያፈስሳል፣ በኖቬምበር ጎንበስ ብሎ ይለቅማል። አያቴ ያልነገረችኝ መካከሉን ነው። ስምንት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን እስኪቀረው ድረስ የእኔ ሰዓት የት ነው የምትቀመጠው? ባንክ ቤት ገንዘቤን ለዚህን ያህል ጊዜ ቢይዘው ጥቂትም ብትሆን ወለድ ይጥልልኛል። እነዚህ ግን ማርች ላይ የወሰዱትን ስልሳ ደቂቃ ኖቬምበር ላይ ያንኑ ስልሳ ደቂቃ አድርገው ይመልሱልኛል፤ ያውም እንቅልፍ ላይ ሳለሁ፣ ሳላስፈርማቸው።

እንቅልፍ ላይ ላልነበረው ሰው ግን ነገሩ ቀልድ አይደለም። የዚህ ከተማ የመኪና ማቆሚያ፣ የሆቴል እንግዳ መቀበያ፣ የሆስፒታል ጽዳት፣ ሌሊቱን የሚያድረው በማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ቅዳሜ ማታ በአሜሪካ ሰዓት አሥራ አንድ ላይ ገብቶ እሑድ ጠዋት ሰባት ላይ የሚወጣ ሰው በዚያች ሌሊት የሠራው ሰባት ሰዓት ነው፤ የሚከፈለውም የሰባት ነው። የቤት ኪራዩ ግን የስምንቱን ይፈልጋል። ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። በፌብሩዋሪ መጨረሻ ወደ ሥራ ሲሄድ ጎህ ማየት የጀመረ ሰው እንደገና ወደ ጨለማ ተመለሰ፤ ቅዳሜ ስድስት ተኩል ሊሆን ሲል የወጣችው ፀሐይ በማግሥቱ ሰባት ተኩል ሊሆን ሲል ወጣች። ሕፃናት ቦርሳ ተሸክመው በጨለማ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይጠብቃሉ። «ብርሃን ቆጠብን» የሚሉት ይህንን ነው። ከጠዋቱ ሠራተኛ ላይ ቆርጠው ለማታው ጎልፍ ተጫዋች መስጠት በየትኛው የሒሳብ ትምህርት ነው ቁጠባ የሚባለው?

ጎልፍ ያልኩት በቅናት አይደለም፤ ሰነድ አለው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1907 በትንሽ መጽሐፍ አሳትሞ ያሰራጨው ዊልያም ዊሌት የሚባል እንግሊዛዊ ቤት ሠሪ ጎልፍ ወዳድ ነበር፤ ጨዋታው ሳያልቅ ይመሽበታል። ሕልሙን ሳያይ በ1915 ሞተ፤ በዓመቱ ጀርመኖች በጦርነቱ መካከል የድንጋይ ከሰል ለመቆጠብ ብለው ቀድመው ሥራ ላይ አዋሉት። በ1980ዎቹ እዚህ አገር ጊዜው ሲራዘምም ምክር ቤት ድረስ ሄደው ከተከራከሩት ውስጥ የጎልፍና የሥጋ መጥበሻ ነጋዴዎች ነበሩበት። ከረሜላ ሻጮቹ ደግሞ በኦክቶበር መጨረሻ ልጆች በየቤቱ ከረሜላ የሚለምኑባትን ማታ ብርሃን እንድታገኝ ሲመኙ ኖረው ዘንድሮ ተሳካላቸው።

የሁሉ መነሻ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው የሚል ሰው ይኖራል። ሰውየው በ1784 ፓሪስ ሳለ ለአንድ ጋዜጣ የጻፈው ወግ ነበር፤ ፀሐይ በማለዳ እንደምትወጣ ገና አሁን አወቅሁ ብሎ በእንቅልፋም ፓሪሳውያን የቀለደበት። መስኮቱን ዘግቶ የሚተኛ ግብር ይክፈል፣ ሻማ በራሽን ይሁን፣ ፀሐይ ስትወጣ ደወል ይደወል፣ ካልበቃ በየመንገዱ መድፍ ይተኮስ አለ። ሰዓት ይቀየር የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። ይኸው ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የሰዓት ለውጥ አባት ሆኖ ቀረ። ወግ የምንጽፍ ሰዎች ይህንን እያየን እንጠንቀቅ፤ ዛሬ የምንቀልደውን ነገ የሚያጸድቅ ምክር ቤት አይጠፋም።

ነዳጅ የሚባለው ነገር ግን ስንቱን አደረገ! እ.ኤ.አ. በ1973 ዓረቦች ነዳጅ ሲያቅቡ አሜሪካ በጋ ከክረምት የተገፋ ሰዓት ይሁን ብላ በጃንዋሪ 1974 ጀመረች፤ ወላጆች ልጆቻችን በጨለማ ትምህርት ቤት እየሄዱ ነው ብለው ስለተቆጡ ዓመት ሳይሞላው ለክረምቱ ተመልሷል። ያው የነዳጅ ውድነት በዚያው ሰሞን አዲስ አበባም ደርሶ ነበር። በእኛ አቆጣጠር በየካቲት 1966 ቤንዚን ሲጨምር የታክሲ ነጂዎች አድማ መቱ፣ መምህራን ተከተሉ፣ ወታደሩ ተነሣ፣ መስከረም ሲጠባ ዙፋኑ ባዶ ነበር። ነዳጅ ሲወደድ እነርሱ ሰዓት ቀየሩ፤ እኛ ንጉሥ ቀየርን። እነርሱ የቀየሩትን መለሱ።

በሰዓቱ በኩል ግን እኛ ምንም አልተነካንም። አዲስ አበባ ላይ በረዥሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ፀሐይዋ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ትወጣለች፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ትገባለች፣ ቆጠራውም ከእርሷ ጋር ይጀምራል። ከዚህ ሆኖ ወደዚያ ለሚደውል ሰው ክረምቱን ሒሳቡ ቀላል ነበር፤ እዚህ ባለው ሰዓት ላይ ሁለት መጨመር ብቻ። እዚህ በአሜሪካ ቁጥር ጠዋት አሥር ከሆነ እዚያ በእኛ ቁጥር አሥራ ሁለት ነው። አሁን ግን የሚጨመረው አንድ ሆነ። ይህንን ለእናቴ ማስረዳት ነበረብኝ። ቅዳሜ ጠዋት እንደ ልማዴ አሥር ሰዓት ላይ የስልክ ካርዴን ፍቄ ያንን ረጅም ቁጥር መትቼ ስደውል እዚያ ገና አሥራ አንድ ነው፤ እማዬን ከጎረቤት ቡና ላይ ጠርተው አመጧት።

«ምነው ዛሬ ቀደምክ? ደኅና አይደለህም?»

«ደኅና ነኝ እማዬ፤ ሰዓት ተቀይሮ ነው።»

«የማን ሰዓት?»

«የአሜሪካ።»

«ማን ቀየረው?»

«መንግሥት።»

ትንሽ ዝም አለችና «ፀሐይዋስ ተነግሯታል?» አለችኝ። ስለ ኢነርጂ ሕጉ ልገልጽላት ስጀምር የካርዱ ሴትዮ አንድ ደቂቃ እንደቀረኝ ነገረችኝ፤ ያቺን ደቂቃ ለምርቃት ተጠቀምንባት። የምክር ቤት አባላቱ እናቴን ጠርተው ቢሆን ኖሮ ሁለት ዓመት ባልፈጀባቸው።

ሰዓት በስምምነት መግፋትን ግን ከእኛ የሚበልጥ የለም፤ ሕግም አላስፈለገንም። ከዓመታት በፊት አንድ ሠርግ ተጠርቼ ነበር፤ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ካርዱ ላይ በወርቅ ቀለም «በትክክል ከቀኑ 5 ሰዓት» ተብሎ ተጽፏል፤ በትክክል የምትለው ቃል ተሰምሮባታል። አምስት ሰዓት ላይ ክራባቴን አስሬ ደረስኩ። አዳራሹ ውስጥ ወንበር የሚዘረጉ ሁለት ሠራተኞችና ማይክራፎን የሚሞክር አንድ ልጅ ብቻ ነበሩ፤ «ሃሎ፣ ሃሎ፣ አንድ ሁለት» ይላል፣ ሦስት ብሎ አያውቅም። አንደኛው ሠራተኛ አየት አደረገኝና የጠረጴዛውን አንድ ወገን እያሳየ «በዚህ በኩል ያዝልኝ» አለኝ። እንግዳው በስምንት ሰዓት መግባት ጀመረ፣ ሙሽሮቹ በዘጠኝ። በሠርጉ ቪዲዮ መጀመሪያ ላይ ሱፍ ለብሶ ጠረጴዛ ተሸክሞ የሚያልፈው ሰው እኔ ነኝ፤ የሙሽራው አጎት ያዩኝ ቁጥር «ያኔ ብዙ ለፋህልን» ይሉኛል።

ደጋሹ ሰባት ፈልጎ አምስት ይጽፋል። ተጋባዡ አምስት አንብቦ ሰባት ተኩል እንደሆነ ይገባዋል፤ ሰባት ተኩል ማለት ደግሞ ስምንት ማለት ነው። ደጋሹ ይህንን ስለሚያውቅ የሚቀጥለውን ካርድ አራት ሰዓት ብሎ ያሳትማል። በዚህ አካሄድ የልጆቻችን ሠርግ በዋዜማው ይጠራል። ማርኪና አፕተን አንዲት ሰዓት ለማንቀሳቀስ ያን ሁሉ ሲደክሙ እኛ ሦስት ሰዓት በአንድ ማተሚያ ቤት እንገፋለን። በሰዓቱ የመጣ ሰው ብቻውን ይቀጣል፤ ቅጣቱም ጠረጴዛ ነው።

የተነሣሁበት ጉዳይ የመልመድ ነገር ነበር። ሰው ይለምደዋል፣ ሳምንት ቢፈጅበት ነው። የማይለምዱት ዕቃዎቹ ናቸው። የኮምፒውተር ባለሙያዎች ማሽኖቻቸውን አዲሱን ቀን ሲያስተምሩ ከረሙ፤ ጋዜጦቹም እ.ኤ.አ. 2000 ሲገባ ኮምፒውተሮች ቀኑ ይጠፋባቸዋል ተብሎ ከነበረው ጭንቀት ጋር ያመሳስሉታል። እኛ ገና 1999 ላይ ነን፤ መስከረም ላይ ሁለት ሺህ ስንገባ የእኛን ሰው የሚያስጨንቀው ኮምፒውተር ሳይሆን የአዳራሽ ኪራይ ይመስለኛል። ከሁሉ የባሰው «በራሱ ይስተካከላል» ተብሎ የተሸጠው የራስጌ ሰዓት ነው። እርሱ የሚያውቀው የድሮውን ሕግ ብቻ ነው። በእጃችሁ አንድ ጊዜ ወደ ፊት ገፍታችሁታል፤ ኤፕሪል 1 ቀን፣ ሆሳዕና ሌሊት ደግሞ በራሱ ፈቃድ ሌላ አንድ ሰዓት ይጨምርላችኋል። ዘንባባ ይዛችሁ በጨለማ የተዘጋ በር ላይ እንዳትቆሙ ከዛሬ ጀምሮ ጀርባውን ገልብጣችሁ ማጥፊያ ቁልፍ ፈልጉ፤ ከሌለው ከሶኬቱ ንቀሉት። የእድራችን የሚቀጥለው ስብሰባ ደግሞ ሦስት ሰዓት ነው ተብሏል፤ እኔ ስንት ሰዓት እንደምሄድ አልናገርም።