ማስተካከያ፦ ስለ አሜሪካው የባለሙያዎች ቪዛ

ባለፈው ሳምንት ስለ ኤች-ዋን-ቢ ቪዛ በጻፍኩት ጽሑፍ «በየዓመቱ 85 ሺህ የውጭ ባለሙያ ይገባል፤ በዚያው ልክ 85 ሺህ አሜሪካዊ ሥራውን ያጣል» ብዬ ነበር። ሁለቱም ስሕተት ነው።

85 ሺህ የገባው ሰው ቁጥር ሳይሆን ኮታው ነው፤ 65 ሺሁ መደበኛ፣ 20 ሺሁ ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ማስተርስና ከዚያ በላይ ላላቸው። ዩኒቨርሲቲዎችና ለትርፍ ያልቆሙ የምርምር ተቋማት የሚቀጥሯቸው ከኮታው ውጭ ናቸው። ዕድሳትም አይቆጠርም።

ሁለተኛው ይብሳል። ሥራን እንግዳ ሲጨመር የባለቤቱ ጉርሻ እንደሚያንስበት ትሪ ቆጠርኩት። እ.ኤ.አ. ከ1933 በኋላ ከናዚ ጀርመን ሸሽተው አሜሪካ የገቡ አይሁድ ኬሚስቶችን ያጠኑ ኢኮኖሚስቶች ያገኙት ግን ሌላ ነው፦ ስደተኞቹ በተሰማሩባቸው ዘርፎች የአሜሪካውያኑ የራሳቸው ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት ምዝገባ) በ31 በመቶ ገደማ ጨመረ። በአንጻሩ ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ የመጡት የሒሳብ ሊቃውንት በዚያው ዘርፍ የነበሩትን አሜሪካውያን ገፍተዋል፤ የዩኒቨርሲቲ የመምህርነት ወንበር እንደ ፋብሪካ በአንድ ጊዜ አይበዛማ። ስለዚህ ጽሑፉን ገልብጬ «ማንም አይጎዳም» አልልም። የሰረዝኩት «አንድ ገባ፣ አንድ ወጣ» የሚለውን ስሌት ነው።

ቪዛውን «እንደ ዲቪ የሚሞላ» ማለቴም ልክ አልነበረም። ዲቪን አመልካቹ ራሱ ይሞላል፤ ለኤች-ዋን-ቢ የሚያመለክተው ቀጣሪው ነው።