«አሚን» ምን ጎደለው?

ጅማ መርካቶ ገብቶ ኮረሪማ የገዛ ሰው ከመልሱ ጋር ምርቃት ይቀበላል። «ጀዛከላህ ኸይር» ይላል ባለሱቁ፤ አላህ መልካሙን ይክፈልህ ማለቱ ነው። ገዢው ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን ማንም አይጠይቅም። «አሚን» ብሎ ዘንቢሉን አንጠልጥሎ ይሄዳል።

ይህን «አሚን» የሚያርሙ ወጣቶች ግን እየበዙ ነው። በቅርቡ አንዲት እናት ለጎረምሳ ቡና ሲያቀብሉ አየሁ። «ጀዛኪላህ ኸይር፣ እማማ» አላቸው። «አሚን፣ ልጄ፣ እደግ» አሉት። «አሚን አይባልም፣ ‹ወኢያከ› ነው የሚባለው» ብሎ በሰው መሀል አረማቸው። ሴትዮዋ ለመድገም ሞክረው ምላሳቸው ተያዘና ዝም አሉ። ምርቃቱም እዚያው ተቋረጠ።

«ወኢያከ»፣ «ላንተም» ማለት ነውና ጥሩ መልስ ነው። ግዴታ የሚያደርገው ግን ምንድን ነው? የነቢዩ ባልደረባ ኡሰይድ ኢብን ሁደይር ነቢዩ ሙሐመድን (ሰ.ዐ.ወ) በ«ጀዛከላህ ኸይር» ባመሰገኑ ጊዜ የተመለሰላቸው «ወአንቱም ፈጀዛኩሙላሁ ኸይረን» (እናንተንም አላህ መልካሙን ይክፈላችሁ) የሚል እንደነበር በሐዲስ፣ ማለትም በነቢዩ ንግግርና ተግባር ዘገባ፣ ተነግሯል። «ወኢያከ» የምትል ቃል እዚያ ውስጥ የለችም። ቁርኣንም (አን-ኒሳእ 86) ሰላምታ ሲቀርብላችሁ የተሻለውን ወይም እኩያውን መልሱ ይላል።

እርግጥ ነው፣ ሁሉም ነገር እንደፈለጉ አይደለም። አስነጥሶ «አልሐምዱሊላህ» ላለ ሰው «የርሐሙከላህ» (አላህ ይዘንልህ) ይባላል፤ እሱም «የህዲኩሙላህ ወዩስሊሕ ባለኩም» (አላህ ይምራችሁ፣ ሁኔታችሁንም ያሳምርላችሁ) ብሎ ይመልሳል። ቃሉ በቡኻሪ የሐዲስ መድብል ተለይቶ ተነግሯል፤ መማሩም ማስተማሩም ተገቢ ነው።

ለጎረምሳው አንድ ነገር ልተውለት። «አሚን» ምርቃቱን ይቀበላል እንጂ አይመልስም። ግን እማማ «እደግ» ብለው መልሰውለት ነበር፤ ዐረብኛ ስላልሆነ አልሰማቸውም። እዚህ አገር «እግዜር ይስጥልኝ» ሲባል «አብሮ ይስጠን» ይባላል፣ በኦሮምኛም «ረቢ ሲፍ ሃ ኬኑ» (ጌታ ይስጥህ) ተብሎ ይመሰገናል። ዱዓን (ምርቃትን) በዱዓ መመለስ ለጅማ ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም። ክርስቲያኑ ጎረቤት «አሜን፣ ላንተም» ካለ ምን ቀረው?

የነቢዩ ባለቤት እመት ዓኢሻ (ረ.ዐ) ሰደቃ (ምጽዋት) ልከው፣ የተላከችው ስትመለስ «ምን አሉ?» ብለው ይጠይቁ እንደነበር ይተረካል። «ባረከላሁ ፊኩም (አላህ ይባርካችሁ) አሉ» ሲባሉ «ወፊሂም ባረከላህ» (እነሱንም አላህ ይባርካቸው) ይሉ ነበር፤ ምርቃቱን እንደተባሉት መልሰው፣ የሰደቃው ምንዳ ሳይነካ እንዲቀርላቸው። ተመራቂዎቹ አጠገባቸው የሉም፤ መልሱን የሚሰማና የሚያርምም የለም።

ማረም የግድ ካማረን፣ በስልክ «ጀዛክ» ብለው የአላህን ስምም መልካሙንም ቆርጠው የሚልኩ ጓደኞቻችን አሉልን። ከእነሱ እንጀምር።