ቦርጭን በብርድ ማጥፋት ያዋጣል?

ርዕሱ ክራዮሊፖሊሲስ ነው። ብዙዎች «ኩልስካልፕቲንግ» በሚለው የንግድ ስሙ ያውቁታል። ማሽኑ ከቆዳ ሥር ያለውን ስብ በመምጠጫ ስቦ ይይዝና ያቀዘቅዘዋል። ቢላ የለም፣ ሙሉ ማደንዘዣ የለም። አንዲት ደጋፊና አንድ ተቃዋሚ በጽሑፍ ተሟግተውበታል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ያዋጣል፦ ሰው ይሄን ነገር የውበት ሳሎን ፈጠራ ያደርገዋል። አይደለም። በ1970 ሐኪሞች በረዶ ሲመጥ የቆየ ሕፃን ጉንጩ ውስጥ ያለው ስብ እንደተቆጣ ጽፈው ነበር። ከቆዳው ይልቅ የተጎዳው ስቡ ነበር። ስብ ብርድ አይችልም ማለት ነው። ይህን ይዘው በቦስተኑ ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ተመራማሪዎቹ ዲተር ማንስታይንና ሮክስ አንደርሰን በአሳማ ላይ ሞከሩት፤ ውጤቱን በ2008 አሳተሙ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2010 ለጎን ስብ፣ በ2012 ለሆድ፣ በ2015 ደግሞ ለአገጭ ሥር ፈቀደው። የቀዘቀዙት ሴሎች ቀስ እያሉ ይሞታሉ፣ ሰውነትም ይጠርጋቸዋል። ሁለት ሦስት ወር መታገሥ ነው። በተያዘው ቦታ የስቡ ውፍረት በአማካይ ከ20 እስከ 25 በመቶ ይቀንሳል።

አያዋጣም፦ እህቴ፣ 20 በመቶው የምኑ ነው? የክብደትሽ አይደለም። በመምጠጫው ውስጥ የገባው የዚያች ቁራጭ ስብ ነው። 4 ሴንቲ ሜትር የነበረው 3 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ለዚያ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይከፈላል? ሚዛን ላይ ስትወጪ ያው ነሽ። ደግሞ የኛ ወንዶች ቦርጭ አብዛኛው ሲቆነጥጡት እጅ ላይ የማይያዘው፣ ጠጠር ያለው ነው። ያ ስብ ያለው አንጀት ዙሪያ ነው። ከስኳር በሽታና ከልብ ሕመም ጋር ይበልጥ የሚያያዘውም እሱ ነው። ማሽኑ እዚያ አይደርስም።

ያዋጣል፦ ክብደት ይቀንሳል ያለህ ማን ነው? እንዲያ የሚል ክሊኒክ ካለ እኔም ካንተ ጋር ነኝ። ይሄ ለወፍራም ሰው አይደለም። እየሮጠች፣ እየጾመች፣ ከወለደች በኋላ የቀረች አንዲት እጥፋት አልጠፋ ላላት ሴት ነው። የሚቆነጠጥ ስብ ካላት ይሠራል፣ ከሌላት አይሠራም። አማራጩን ደግሞ አስብ። ስብ በቀዶ ጥገና ማስመጠጥ ማደንዘዣ አለው፣ ኢንፌክሽን አለው፣ አልፎ አልፎ ስብ ወደ ሳንባ የሚሄድበት አደጋ አለው፣ ሳምንታት ሙሉ ጥብቅ ልብስ ለብሶ መዋል አለው። እዚህ ቦታው ይቀላል፣ ይበልዛል፣ ለጥቂት ሳምንታት ይደነዝዛል። አንዳንዱን በደንብ ያምመዋል፣ አልክድም። ግን በዚያው ቀን ሥራ ትገባለች።

አያዋጣም፦ ዋናውን ዘለልሽው። ስቡ እንዲጠፋ ቀዝቅዞ ጭራሽ የሚያድግበት ጊዜ አለ። የመጀመሪያው ታካሚ በ2014 በሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ፤ በአርባዎቹ ዕድሜ ያለ ወንድ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሆዱ ላይ የመምጠጫውን ቅርጽ ይዞ ጠንከር ያለ ስብ በቀለ። በስፖርት አይሄድም፣ በጾምም አይሄድም፣ በራሱም አይጠፋም። የሚያወጣው ቀዶ ጥገና ነው። ያው ከቢላ የሸሸው ሰው ዞሮ ቢላ ሥር ይተኛል።

ሊንዳ ኢቫንጀሊስታን ታውቂያታለሽ፣ የ90ዎቹ ሞዴል። በ2015 እና በ2016 በዚሁ ማሽን ነበር የታከመችው። ከዚያ ለዓመታት ከሰው ዓይን ጠፋች። በ2021 ምክንያቱን ራሷ ይፋ አወጣች፣ የ50 ሚሊዮን ዶላር ክስም መሠረተች። በ2022 በስምምነት ተዘጋ። ሁለቴ ስብ አስመጥጣ እንኳ ችግሩ እንዳልለቀቃት ተናግራለች።

ያዋጣል፦ ታሪኳ ያሳዝናል። ግን በአንድ ዝነኛ ሰው ሕክምና አይመዘንም። መኪናም ይገለበጣል። አዳዲሶቹ መምጠጫዎች ከድሮዎቹ ያነሰ ችግር እንደሚያስከትሉ የካናዳ ሐኪሞች ጽፈዋል። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው፦ ፈቃድ የሌለው ርካሽ ማሽን፣ ታካሚውን ሳይጠይቅ የሚያስተኛ ባለሙያ። ብርድ ሲነካው ደሙ ውስጥ ያለ ፕሮቲን የሚረጋበት ሰው አለ፤ ክራዮግሎቡሊኒሚያ ይባላል። እሱ ጭራሽ መነካት የለበትም። ቤት ውስጥ በረዶ ሆዳቸው ላይ የሚያስሩትንማ ተዋቸው፣ ትርፉ የተቃጠለ ቆዳ ነው።

አያዋጣም፦ መኪናውን ተይውና ቁጥሩን እንይ። ያ የ2014ቱ ጽሑፍ ችግሩ ከ20,000 አንድ ያህል ነው አለ። የማሽኑ አምራች ኋላ ላይ ከ3,000 አንድ ነው አለ። በ2018 አንድ ማዕከል የራሱን ታካሚዎች ቢቆጥር 0.72 በመቶ ሆነ፣ ከ138 አንድ። ከ20,000 ተነስቶ 138 የደረሰ ቁጥር እንዴት ይታመናል? ክሊኒኩ ወረቀት ሲያስፈርም የሚያሳየውስ የትኛውን ነው?

ያዋጣል፦ የአንድ ማዕከል ቁጥር የዓለም ቁጥር አይደለም።

አያዋጣም፦ አይደለም። የአምራቹም አይደለም።

ያዋጣል፦ እሺ፣ ክሊኒኮቹ ለታካሚዋ ሁሉንም ይንገሯት። 20,000ውንም፣ 3,000ውንም፣ 138ቱንም። ቢበላሽ ማረሚያውን ማን እንደሚከፍል ከመፈረሟ በፊት ትጠይቅ፤ ለውበት ተብሎ ለተሠራ ነገር ኢንሹራንስ በቀላሉ እጁን አይዘረጋምና። ይህን ሰምታ «ልግባ» ካለች ግን፣ ወንድሜ፣ አንተም እኔም በሩ ላይ ቆመን የምንመልሳት ምን አግብቶን ነው?