ይድረስ ለወገቤ ደባል

ቁጥር፡- የለውም
ቀን፡- ካልሲዬን ያለ ሰው እርዳታ ባጠለቅኩበት ዕለት
ለታችኛው ወገብ ሕመም
ባሉበት (ከቀበቶዬ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ወደ ቀኝ ጠጋ ብሎ)

ጉዳዩ፡- ቤት እንዲለቁ ስለማሳሰብ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

አንቱታው እዚህ ላይ ይብቃን። ሌሊት በተገላበጥኩ ቁጥር አብሮኝ የሚገላበጥ ሰው አንቱ አይባልም። ከዚህ በኋላ አንተ ነህ።

መጀመሪያ አገባብህን እናንሳ፣ ምክንያቱም ሕገ ወጥ ነው። ያን ቀን ዴድሊፍት እየሠራሁ ነበር። ለማያውቁት፣ ዴድሊፍት ማለት መሬት ላይ ተቀምጦ ማንንም ያልነካ ብረት ጎንበስ ብለህ አንስተህ፣ ቀጥ ብለህ ቆመህ፣ መልሰህ እዚያው ማስቀመጥ ነው። (አዎ፣ እዚያው።) ሙዚቃው ይጮሃል፣ ከኋላዬ ያሉት ልጆች "በለው! ያንተ ናት! አንዲት ብቻ!" ይላሉ። የእነሱ ወገብ አይደለማ። አንተ በዚያ ግርግር መሃል ሹልክ ብለህ ገባህ። ትንሽ ጠቅ አደረግከኝና ድምፅህን አጠፋህ። ሻወር ወስጄ፣ ማኪያቶ ጠጥቼ፣ በእግሬ ቤቴ እስክደርስ ትንፍሽ አላልክም። ማንነትህን ያሳየኸኝ በማግስቱ ጠዋት፣ ፊቴን ልታጠብ ጎንበስ ስል ነው። ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ። ውሃው ይፈሳል፣ ቀና ማለት የለም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይሄ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

ወሬው ሲሰማ የጂም ጓደኞቼ የጠየቁኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነበር፦ "ስንት ኪሎ ይዘህ?" "ያምሃል ወይ?" ያለኝ የለም። ቁጥሩ ከፍ ያለ ከሆነ ጀግና ነህ፣ በክብር ነው የቆሰልከው። ዝቅ ካለ ግን ዝም ብለው እርስ በርስ ይተያያሉ፣ "በዚህች?" ማለታቸው ነው። እናቴ ኪሎውን አልጠየቀችም። "ቆይ፣ ከፍለህ ነው የምትሸከመው?" አለችኝ። "መርካቶ ብትሄድ እኮ እነሱ ይከፍሉህ ነበር።" ለዚህ መልስ የለኝም። አንተስ አለህ?

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ። በ2016 ዓ.ም. የወጣውን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320ን፣ ጠቅሰህ ልትከራከረኝ እንደምትችል አውቃለሁ። ውል ከ2 ዓመት ማነስ የለበትም፣ ተከራይ ዝም ብሎ አይባረርም ትለኝ ይሆናል። ወዳጄ፣ እሱ ውል ላለው ነው። ውሉም በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። አንተ የትኛው ወረዳ ሄደህ ተመዘገብክ? ኪራይስ መቼ ከፈልክ? ይልቅ የምከፍለው እኔ ነኝ፤ ለመድኃኒቱ፣ ለኮንትራት ታክሲው፣ ለዚያ ሰሞኑን ደጁን ላልረገጥኩት ጂም ጭምር። ጂሙ "የተከፈለ ገንዘብ ተመላሽ አይሆንም" የሚል ማስታወቂያ ለጥፏል፣ እዚያ ቤት ከመስታወቱ ቀጥሎ ትልቁ ነገር እሱ ነው። እንደ አዲስ አበባ አከራይ ሰበብ ልፈልግ ካልኩም አላጣም። "ልጄን ልድርበት ነው" አልልህም፣ ለዚያ ገና ነኝ። "ቤቱ ሊታደስ ነው" ግን ማለት እችላለሁ፣ ደግሞም እውነቴን ነው።

ያደረስክብኝን ጉዳት ብዘረዝር ወረቀት አይበቃም። ማስነጠስ እንኳን ፈርቼ የማደርገው ነገር ሆኗል። ግድግዳ ይዤ፣ ጉልበቴን አጠፍ አድርጌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማስነጥሰው። ሰው "ይማርህ" ሲለኝ ድሮ በልማድ ነበር የምመልሰው፣ አሁን "አሜን" የምለው ከልቤ ነው። ታላቅ ሰው ሲገባ ብድግ ብሎ "ኖር" ማለት ያደግኩበት ወግ ነው። ዛሬ እጄን ጭኔ ላይ ተክዬ፣ ወንበሩን ደግፌ፣ መሃል ላይ ትንፋሽ ወስጄ "ኖር" እስክል እንግዳው "በእግዜር" ብሎ፣ ተቀምጦ፣ አቦሉን ጀምሯል። ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ "ጠጋ ጠጋ በሉ" ሲል ከላዬ እስከ ታቼ ይነዝረኛል፣ በተለይ መንገዱ ሰሞኑን የተቆፈረ ከሆነ፣ የትኛው መንገድ ደግሞ አልተቆፈረም። የስቅለት ዕለት ሰው ሁሉ ወድቆ ሲነሳ እኔ ምሰሶ ተደግፌ አንገቴን ብቻ ዘንበል አደርጋለሁ። ከጎኔ ሰባ ዓመት ያለፋቸው የሚመስሉ እናት ሳያቋርጡ ይሰግዳሉ፣ በየመሃሉም ቀና ብለው ያዩኛል። ሐዘኔታ ይሁን ትዝብት አልለየሁም። ስለ መጸዳጃ ቤት አልጽፍም፣ ጨዋ ሰው ነኝ። ቁጢጥ ማለት የሚባለውን ነገር ግን ለጊዜው ከሕይወቴ ሰርዤዋለሁ።

ደግሞ ብቻህን ብትመጣ ምን ነበረበት። አንተ ከገባህ ወዲህ ቤቱ በሐኪም ተጨናንቋል። የሰፈር እናቶች "ብርድ ነው" ብለው ፈርደዋል። እዚህ አገር ብርድ የማያመጣው በሽታ የለም፤ ላብህ ሳይደርቅ ወጥተህ ነው፣ መስኮት ከፍተህ ተኝተህ ነው፣ አለቀ። መቶ ኪሎ ብረት ማንሳቴን ስነግራቸው "እሱማ ሰበብ ነው" ይሉኛል። አጎቴ ወጌሻ ጋ ካልወሰድኩህ ብሎ በር ላይ ቆሟል። ወጌሻ አልንቅም፣ ልጅ ሆኜ እግሬ ወለም ሲል ያሹኝ እነሱ ናቸው። አከርካሪ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ አጠገቡ ነርቭ አለ፣ በጉልበት ሲጠመዝዙት ቀጭ ስላለ ዳነ ማለት አይደለም። የግቢው ዘበኛ ፌጦ በሎሚ አዘዘልኝ። ለጉንፋንም ለሆድም ያዘዘልኝ እሱኑ ነው፣ ቢያንስ አቋሙ አይዋዥቅም። አንዷ ጎረቤት ደግሞ "ፍል ውሃ ግባበት" አለችኝ፣ እሷን ሰማሁ። እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ያወረደ ውሃ እኔን እንዴት ያሳፍረኛል ብዬ። ሙቀት ለጊዜው ጡንቻን ያላላል፣ እውነት ነው። ለግማሽ ቀን ረሳሁህ፣ ስመለስ አልጋዬ ላይ ጠበቅከኝ።

ማስታገሻ ፍለጋ ፋርማሲም ሄጃለሁ። "ዲክሎፌናክ በመርፌ ይሻልሃል፣ ኪኒን ቶሎ አይዝም" የሚል መካሪ እዚያ ወረፋው ላይ እንኳን አይጠፋም። መርፌ ያልተወጋ ሰው የታከመ የማይመስለን ብዙ ነን። ችግሩ፣ ካንተ በፊት የገባ ነባር ተከራይ አለ፤ ጨጓራዬ። ዲክሎፌናክም ኢቡፕሮፌንም ጨጓራን የሚልጡ መድኃኒቶች ናቸው። አንተን ዝም ለማሰኘት የዋጥኩት ኪኒን እሱን ቀሰቀሰው። አሁን እኔ ለሁለታችሁ ሽማግሌ ሆኛለሁ።

ኤምአርአይ የሚሉት፣ የሰውነትን ውስጥ የሚያሳይ ፎቶ፣ እሱም ጉድ አለው። አንድ ጓደኛዬ ተነስቶ ፊልሙን እንደ ሰርግ አልበም ለገባ ለወጣው ያሳያል። "ዲስክህ ተንሸራቶ ነው፣ ሂድና ተነሳ" ብሎ ነዘነዘኝ። ሐኪሟ ረጋ ብላ ነው ያስረዳችኝ። ዲስክ ማለት በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለ ትራስ ነው፣ ከላይና ከታች ካለው አጥንት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ተንሸራቶ የትም አይሄድም። የውጭው ቀለበት ሲላላ ወይም ሲቀደድ የውስጡ ለስላሳ ክፍል ወደ ውጭ ይገፋል፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነውም በታችኞቹ ሁለት ዲስኮች ላይ ነው። ከዚያ ደግሞ በ2015 እ.ኤ.አ. የብዙ ጥናቶች ውጤት ተሰብስቦ ሲታይ፣ ምንም ከማያማቸው የ20 ዓመት ወጣቶች 37 በመቶው፣ ከ50 ዓመት ጎልማሶች ደግሞ 80 በመቶው፣ ፎቶው ላይ ዲስካቸው ማርጀቱ ታይቷል። ወገባቸውን አሟቸው አያውቅም እኮ! ስለዚህ እግር ላይ ድካምና መደንዘዝ ከሌለ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለፎቶ መሮጥ አያስፈልግም አለችኝ። ይህን ለጓደኛዬ ስነግረው ተቀየመኝ፣ ፊልሙን በብዙ ብር ነው ያስነሳው።

ይህን ሁሉ ይቅር ልልህ እችላለሁ። የማልምርህ "አትነቃነቅ" ያልከኝን ነው። ትልቁ ውሸትህ እሱ ነው። ጎንበስ ስል ትጮሃለህ፣ ስነሳ ትጮሃለህ፣ ስተኛ ብቻ ዝም ትላለህ፣ ከዚያ ቤተሰብ ሁሉ "አየህ፣ መተኛት ነው የሚያድንህ" ይለኛል፣ ምግቡ አልጋ ድረስ ይመጣል፣ እኔም እንደ አራስ ተጠቅልዬ እውነት መስሎኝ እቀመጣለሁ። ድሮ ሐኪሞችም አምነውህ ነበር፣ ጠንካራ ፍራሽ ላይ ለሳምንታት አስተኝተውልሃል። አሁን ግን ነቅተውብሃል። ከአንድ ሁለት ቀን በላይ መተኛት ጡንቻውን ያሰንፈዋል፣ መገጣጠሚያውን ያደርቀዋል፣ አንተን ደግሞ የቤቱ ባለቤት ያደርግሃል። መራመድ፣ ቀስ ብሎ ወደ ሥራ መመለስ፣ እያመመም ቢሆን በልኩ መንቀሳቀስ ነው መድኃኒቱ።

ፊዚዮቴራፒስቷ በሆዴ አስተኝታ "በእጅህ ተደግፈህ ደረትህን ቀና አድርግ፣ ወገብህን ልቀቀው" ስትለኝ ሊገድሉኝ ነው ብዬ ነበር። ታሪኩን የነገረችኝም እሷ ነች። በ1956 እ.ኤ.አ. ኒውዚላንድ ውስጥ፣ ሮቢን ማኬንዚ የሚባል ፊዚዮቴራፒስት አንዱን ታካሚ "ገብተህ በሆድህ ተኛ" ይለዋል። አልጋው በራስጌ በኩል ከፍ ተደርጎ እንደነበር ያስተዋለ የለም። ሰውዬው ወገቡ ወደ ኋላ እንደተቆለመመ ተኝቶ ቆየ። ማኬንዚ ተመልሶ ሲያየው ደነገጠ፣ ሰውዬው ግን "ከሰሞኑ እንደ ዛሬ ተሽሎኝ አያውቅም" አለው። ከዚያ ሰው በኋላ ስንቱ እንደዚያ ተቆልምሟል። ሁሉንም አያድንም፣ አንዳንዱ ላይ ወደ ኋላ መታጠፍ ሕመሙን ያብሳል፣ ስለዚህ የሚያውቅ ሰው አይቶ ይወስን። እኔን ግን ጠቀመኝ። አንተም ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንበርህ ስትነቃነቅ ተሰምቶኛል።

ቀበቶም ገዝቼልህ ነበር፣ ያ እንደ መቀነት የሚጠመጠመው። ደስ ብሎህ ከረምክበት። በኋላ ነው የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ሕመም የወገብ ቀበቶንም፣ ወገብን በመሣሪያ መጎተትንም እንደማይመክር ያወቅኩት። የሚመክረው እንቅስቃሴን ነው። ይኸው ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. 619 ሚሊዮን ሰው ወገቡን ያመው እንደነበር፣ በ2050 ደግሞ 843 ሚሊዮን ሊደርስ እንደሚችል ይናገራል። ይህን ያህል ቤት እያለህ እኔ ጋ ምን አጣህ?

አንድ ነገር በቀልድ አላልፍም። ወደ እግሬ ወርደህ ጣቶቼን ማንሳት ብታሳጣኝ፣ ወይም ኮርቻ ላይ ስቀመጥ የሚነካውን ቦታ ብታደነዝዝብኝ፣ ወይም ሽንቴን መያዝ ወይም መሽናት ብታሳጣኝ፣ ያን ቀን ደብዳቤ የለም። ሌሊትም ቢሆን ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። ትኩሳት ካስከተልክም እንደዚያው። እዚያ ወጌሻም፣ ፌጦም፣ ፍል ውሃም አይሠራም፣ ጊዜ ካለፈ ነርቭ አይመለስም።

አሁን የያዝኩትን ልንገርህ። ወደ ዴድሊፍት ተመልሻለሁ። ብረቱን አይደለም፣ በመጥረጊያ እንጨት ነው የጀመርኩት፤ እንጨቱን ጀርባዬ ላይ አድርጌ ከወገብ ሳይሆን ከዳሌ መታጠፍን እለማመዳለሁ። ሠራተኛችን ቤት ልጠርግላት መስሏት ደስ ብሏት ነበር። ከእንጨቱ ቀጥሎ ባዶው ባር አለ፣ እሱ ብቻውን 20 ኪሎ ነው፣ ከዚያ በኋላ እናያለን። ጂሙ ውስጥ ያሉት ልጆች ሲያዩኝ ሳቃቸውን ዋጥ ያደርጋሉ። ይሳቁ። አንተ ግን እንዳትስቅ።

አብዛኞቹ ባልንጀሮችህ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዕቃቸውን ሰብስበው ይወጣሉ። እንደነሱ በሰላም ውጣ። ቁልፍ የለህም፣ መመለስ አይጠበቅብህም።

ከሰላምታ ጋር (ጎንበስ ሳልል)

ግልባጭ፡-
ለጨጓራዬ፣ ያለበት፤ ለትዕግሥቱ ከምስጋና ጋር።
ለአጎቴ፤ በር ላይ መቆሙን እንዲተው።
ለግራ ጉልበቴ፤ ሰሞኑን ደረጃ ስወርድ ቀጭ ቀጭ የምትለው ነገር ደርሶኛል፣ ይህንን ደብዳቤ ደጋግመህ አንብበው።